የነኢማ ንጹሕ በር

ሚስቴ ነኢማ በር ታጥባለች። ሌላው ሰው ፊቱን ሳይታጠብ እሷ የበራችንን ፊት ታጥባለች። ሱብሒ ሰግዳ መስገጃዋን አጥፋ ስታበቃ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች፤ ከላይ እስከ ታች፣ እጀታውን፣ ጠርዙን፣ ደፉን ሳይቀር ታሻለች። እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ የጨርቁን ድምፅ እየሰማሁ፣ "አንቺ ሴት፣ የበሩ ቆዳ ሊላጥ ነው እኮ!" እላታለሁ። "አንተ ተኛ። ሰው ከቤት በፊት በር ነው የሚያየው" ትለኛለች። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ እንከራከራለን፤ አንድ ቀን አሸንፌያት አላውቅም።

ይህን የማወራው ሚስቴ ንጹሕ ናት ብዬ ልኩራራ አይደለም። በዚሁ በር የተነሳ ያየነውን ፍርሃት ጠላቴም አይየው፤ ለዚያ ነው።

ነኢማ የተወለደችው ስልጤ ውስጥ፣ ከወራቤ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እኔ ሳገኛት ገርጂ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ቅመም ትመዝን ነበር። ኮረሪማ ለምን እንደሚሆን ሳላውቅ በየሳምንቱ ኮረሪማ ስገዛ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ አክስቷ፣ "ሰይድ፣ ይሄን ሁሉ ኮረሪማ የምትበላው አንተ ነህ ወይስ ግድግዳህ?" ብላ አሳቀችብኝ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ከዚያ በኋላ የኪራይ ቤት ኑሮ ነው። በሰው ግቢ፣ በሰው ጓሮ፣ ባለቤቲቱ መብራት ስታጠፋብን፣ "ውሃ አበዛችሁ፣ እንግዳ አበዛችሁ" ስትለን ኖርን። አንድ ክረምት ነኢማ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ፍራሽ ተሸክመን ወጥተናል። ስለዚህ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ አላህ ብቻ ነው" አለች። እኔም አሜን አልኩ።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ አንድ ጎኑ ክፍት ነው፤ በሮቹ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ወደ ውጭ፣ ወደ ባዶው ሜዳ ያያሉ። ከጎናችን ፀሐይነሽ አለች። ጎንደሬ ናት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። ነኢማ ልጃችንን አብዱራሕማንን ስታምጥ እኔ ዕቃ ላመጣ ሻሸመኔ ነበርኩ፤ ታክሲ ጠርታ፣ ደግፋ አውርዳ፣ ሐኪም ቤት አብራት ያደረችው ፀሐይነሽ ናት። በፋሲካ ለእኛ ብላ ዶሮ በእስላም እጅ አሳርዳ፣ በሌላ ድስት ሠርታ ትጠራናለች። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ሲባል እኛ የምናውቀው እሷን ነው። ከእሷ ቀጥሎ ላጲሶ አለ፤ ከሆሳዕና የመጣ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ፣ ጠዋት ጠዋት መዝሙሩን ከፍ አድርጎ የሚከፍት ጴንጤ። ጥጉ ላይ መምህር ስብሓት ይኖራሉ። የዓዲግራት ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ስኳር አለባቸው፣ ደረጃ ሲወጡ በየመሃሉ ቆም እያሉ ነው።

ነኢማ ቤት ውስጥ ቅመም አዘጋጅታ ትሸጣለች። የብሎኩ አልጫ ሁሉ ቢጫ የሆነው በእሷ እርድ ነው ብል ማጋነን አይደለም። እጇ ከእርድ አይጠራም፤ የነካችው ሁሉ ትንሽ ቢጫ ይላል።

በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ጆሮ ሆኖ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ከብሎኩ ጀርባ ያለው ሜዳ በአደይ አበባ ተሸፍኗል። ግን ሜዳውን ማን ያያል? ሰዉ ስልኩ ላይ ነው። አንዱ ዘመዱ ደውሎ የነገረውን፣ ሌላው ፌስቡክ ላይ ያገኘውን እያመጣ ደረጃው ላይ ያራግፋል። የሆነ ቦታ፣ የት እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም፣ ሰው ከመጉዳታቸው በፊት በየበሩ ምልክት አድርገው ነበር ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰማነውን ሁሉ አስገባን።

አንድ ጠዋት ወደ ሱቄ ልሄድ ስወጣ ፀሐይነሽ በሯ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሥራዋ ረፍዶባታል፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"ሰይድ፣ ና እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?"

ነጩ በሯ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ። የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ታች ሳብ ብለዋል። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት፤ ደርቋል። "ቀለም ነው መሰለኝ" አልኳት። ምን ቆርጦኝ ቀለም እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፀሐይነሽ ፊቷ አመድ መሰለ። "የእኛን ሰዎች ነው" አለች በሹክሹክታ። "የእኛን ሰዎች ቤት እየለዩ ነው።"

ክው አልኩ። አይዞሽ እንኳ ሳልላት ወረድኩ። ደረጃው ላይ ላጲሶን አገኘሁት፤ እጄን ይዞ ወደ ግድግዳ አስጠጋኝ። "ወንድሜ ሰይድ፣ አንተ የተረጋጋህ ሰው ነህና ልንገርህ። በሬ ላይ ምልክት አለ። የአማኞችን ቤት ነው የሚለዩት። አራተኛ ፎቅም የሊድያ በር ላይ አለ፤ እሷም የእኛ ቸርች ናት።" ከታች ደግሞ መምህር ስብሓት የደረጃውን ብረት ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ሁሉን ብሎ ጨርሷል። ከቤታቸው በር ሥር ሻንጣ ቆሞ በጠዋት አይቼ ነበር፤ አሁን ገባኝ።

አያችሁልኝ? ሦስት ሰው፣ አንድ ቢጫ። ሁሉም የየራሱን በር አየ፣ የየራሱን ወገን ቆጠረ። የሌላው በር ላይ ያለው አልታየውም፤ ቢታየውም ለማደናገር ነው አለ። እኔ ወደ ላይ ተመልሼ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ሁሉም በር ላይ አለ። ሁሉም ላይ! የእኛ በር ብቻ ነጭ ሆኖ ያበራል።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወላሂ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ማታ አልዘለቀም። ከሱቅ ስመለስ ደረጃው ላይ የነበሩ ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰላም ስላቸው፣ "ሰላም ነው" አሉ፤ ግን እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን አየር ነበር ሰላም ያሉት።

ነኢማን ጠየቅኋት። "በራችን ላይ ቢጫ ነገር አላየሽም?"

"ቢጫ?" አለች። "በየቀኑ እኮ እጠርገዋለሁ። የራሴ እርድ ነው፤ በእጄ ስነካው።"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኛም ምልክት አለብን፤ እሷ በሱብሒ እያጠበች ታጠፋዋለች። የእርዷ ነገር ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብላ አላየችውም። ሌላው እንደ ፈለገ ይበለው እንጂ ለነኢማ ቢጫ ማለት እርድ ነው። ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "ታዲያ እኛንም..." አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን ደግማ አየችው።

በነጋታው ነገሩን ለማቅናት ፀሐይነሽ ዘንድ ሄደች። "እኛም በር ላይ ነበር እኮ። እርዴ መስሎኝ እየጠረግኩት ነው" አለቻት።

ፀሐይነሽ፣ "ኧረ?" አለች። ነኢማ ያንን "ኧረ" ይዛ ተመለሰች፤ ቀኑን ሙሉ ስታላምጠው ዋለች። "እንዴት ነው ኧረ ያለችው? ኧረ ብላ እንደ መገረም? ወይስ ኧረ ብላ እንደ ማሽሟጠጥ?" እያለች ልታሳብደኝ። ላጲሶ በበኩሉ ታች ላሉት፣ "ምልክት የሚያጠፋ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል ማለት ነው" ማለቱን ሰማሁ። አንዷ ጎረቤት ከነኢማ የገዛችውን እርድ ሳትከፍተው በላስቲክ በራችን እጀታ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። የመለሰችበትን ምክንያት አልተናገረችም። ማን ይጠይቃታል?

ነኢማ በር ማጠብ አቆመች። እንድታውቁት፣ ይህች ሴት በወለደች ማግስት በር ያጠበች ሴት ናት። "ይኑርበት። እንደ ሁሉም ይኑርበት፤ ያኔ ያምኑናል" አለች። ጠበቅን። ይባስ ብሎ በዚያው ሰማዩ ጨፈገገ፤ ያለፈ መስሎን የነበረው ብርድ ተመለሰ። አንድ ቢጫ ጠብታ የለም። የሌሎቹ በር ላይ የድሮው ምልክት እንዳለ ነው፤ ማንም "ማስረጃ ነው" ብሎ አይነካውም። የእኛ በር ላይ ምንም የለም። ነኢማ ጨለምለም ካለው ማለዳ ጀምሮ በሩን እየከፈተች ታያለች፤ ንጹሕ ነው። "አላህ ሆይ፣ አንዲት ብቻ" ስትል ሰማኋት። ሰው በሩ እንዲቆሽሽ ዱዓ ሲያደርግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ መንግሥቱ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ፣ ነገር በሥርዓት ካልሄደ የሚያማቸው ሰው። በራችን አጠገብ፣ ደረጃው አፍ ላይ አስቁመውኝ፣ "አቶ ሰይድ፣ ሰዉ ጥያቄ አለው። እኔ አላልኩም፤ ሰዉ ነው" አሉኝ። "ምን ጥያቄ?" ስላቸው፣ "እንግዲህ... የናንተ በር" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወረዱ። ለነኢማ አልነገርኳትም። ለካ እሷ ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰምታለች።

በማግስቱ ሱቄ ነበርኩ፤ ጉርድ ሾላ፣ ከፕላስቲክ ዕቃዎቼ ጋር። አንዲት ሴትዮ ገበቴ እየመረጠች፣ አንዱን ታንኳኳለች፣ ሌላውን ትገለብጣለች። ስልኬ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሊድያ፣ ያቺ አራተኛ ፎቅ ያለችው የባንክ ሠራተኛ፣ ቪዲዮ ለቅቃለች። ከሥሩ፣ "ጋይስ ይሄን እዩ፣ ጀስት አሁን ነው የቀረጽኩት፣ አይ ካንት ቢሊቭ" ብላለች።

ከፈትኩት። ነኢማ ናት። ሰማያዊ ሻሿን አስራለች፤ በግራ እጇ ሲኒ ይዛለች። ግራ ቀኝ አየች። ጣቷን ሲኒው ውስጥ ነክራ በራችን ላይ ጠብ አደረገች። ወደ ኋላ ሄድ ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችው። ከዚያ አንድ ጨመረች፤ በጣቷም ወደ ታች ሳብ አደረገችው፤ ልክ እንደ ሌሎቹ።

እኔ ገበቴዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ፣ "ምነው ጋሼ? አመመዎት?" አለችኝ። ያየሁት ውሸት አልነበረም። ሚስቴ ናት፣ እጇ ነው፣ ቢጫው ቢጫ ነው። ቪዲዮው ያላሳየው አንድ ነገር ቢኖር ለምን እንደሆነ ነው፤ ለምኑ ደግሞ አይቀረጽም። ከሥሩ መልእክቱ ይጎርፋል። "ተገኘች።" "እኛ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥተን!" "ለማን ነው የምትሠራው?" "ቤቷ ይፈተሽ።" "እንደነዚህ ዓይነቶቹ ከብሎካችን ይውጡልን።" አንዱ ምንም አልጻፈም፤ የእሳት ምልክት ብቻ ልኮ ዝም አለ። ከሁሉ ያ አስፈራኝ። ስሙን ለማየት ስሞክር ሌላ መልእክት መጥቶ ገፋው።

ሱቁን ለጎረቤት ትቼ ሮጥኩ። "ሰሚት! ሰሚት! አንድ ሰው!" የሚል ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ከአጠገቤ ያለው ልጅ በስልኩ የሆነ ነገር አይቶ ፈገግ አለ፤ ቪዲዮው መሰለኝ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ፤ የነኢማ ባል መሆኔን ያወቀች መሰለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ላብ አጠመቀኝ። ነኢማ ስልኳን አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ወያላው፣ "ፋዘር፣ ወራጅ ከሆንክ ቀድመህ ተናገር፣ አትፍራ" ሲለኝ ልመታው ነበር።

ብሎኩ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ገላልጬ አለፍኩ፤ ማንም አልነካኝም፣ ማንም አላናገረኝም። ደረጃውን ወጣሁ። በራችን ላይ ያ እርድ አለ፤ ከቅርብ ሲያዩት ፍጹም ሌላ ነው፤ የሕፃን ሥራ ይመስላል። "እኔ ነኝ፣ ክፈቺ" አልኳት። ብዙ ከቆየች በኋላ ከፈተች። አብዱራሕማን ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰም፤ ለዚያም አላህን አመሰገንኩ።

"ለምን? ለምን ነኢማ?" አልኳት።

"እንደ ሰው ለመሆን ነው" አለች። ልቆጣት መጥቼ አቅፌያት ቆምኩ።

ከታች ጋሽ መንግሥቱ፣ "አቶ ሰይድ! ከባለቤትዎ ጋር ይውረዱ!" ብለው ተጣሩ። አልወርድም ማለት ፈለግሁ። ግን ካልወረድን ይወጣሉ፤ ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ መደገፊያ ብረቱም አጭር። እጇን ይዤ ወረድን። በእጇ መዳፍ ያለው እርድ በላብ ረጥቦ የእኔንም እጅ ቢጫ አደረገው።

ሰማዩ ያን ቀን ጠርቶ ነበር። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ግቢውን ሞልቶታል፤ የተሰጣ ልብስ ላይ፣ የቆሙት መኪናዎች ላይ። ጋሽ መንግሥቱ መሃል ቆመዋል። ላጲሶ እጁን አጣምሯል። ፀሐይነሽ ወደ እኛ አታይም፤ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። መምህር ስብሓት ከሁሉ ኋላ፣ ግድግዳ ተደግፈው። ሊድያ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ እሷም ፈርታለች፤ ያደረገችው ነገር እንዲህ ያብጣል ብላ አላሰበችም መሰለኝ።

"ወይዘሮ ነኢማ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው" አሉ ጋሽ መንግሥቱ። "ሁላችንም ዓይን አለን። ይህንን ይመልከቱ።" ስልካቸውን ዘርግተው ቪዲዮውን ከፈቱላት። ነኢማ የራሷን እጅ በሩ ላይ አየች። "እርስዎ ነዎት አይደሉም?"

"እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ አይሰማም።

"ልጄን ከትምህርት ቤት ያስቀረሁት በማን ምክንያት ነው?" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። "ውጡልን!" አለ አንድ ድምፅ። ሌላው ተቀበለው። ክቡ ጠበበ። እኔ ነኢማን ከኋላዬ አደረግኋት፤ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ እጄን ዘረጋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤታችንን ያን ደቂቃ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ግቢ በእግሯ እንድትወጣ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

በዚያ መሃል ጋሽ መንግሥቱ የዘረጉት ስልክ ላይ ጠብ አለ። ቢጫ። ልክ ነኢማ በሩን በምትነካበት ሥዕል ላይ። በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፤ ስክሪኑ ላይ ተለቀለቀ። ሌላ ጠብታ የሸሚዛቸው እጅጌ ላይ አረፈ። እጅጌውን አዩ። እኛም እጅጌውን አየን።

ሊድያ ቀና አለች። "ኦ ማይ ጋድ" አለች። "ጣሪያው!"

ሁላችንም ቀና አልን። ከአራተኛ ፎቅ በላይ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው በሚገናኝበት ክፍተት፣ ንብ ይወጣል ይገባል። በፀሐዩ ላይ ጭስ ይመስላል። ለካ ቤት ሠርተው ከርመዋል፤ ለካ በላያችን እየበረሩ ነው የሚጥሉት። ከዚያ ሰው ዓይኑ ተገለጠ። መኪናዎቹ ላይ ነበር! ጣሪያቸው፣ መስታወታቸው፣ በቢጫ ተዥጎርጉሯል። የተሰጣው አንሶላ ላይ ነበር፣ የኮሪደሩ ብረት ላይ ነበር፣ የፀሐይነሽ ነጠላ ላይ ነበር። ስንት ቀን በዚያ ስናልፍ ከረምን! ግን የፈራነው ለበር ነው፤ ስለዚህ ያየነው በር ብቻ ነው።

አንዱ ሳቀ። ሌላው "ወይ ጉድ!" አለ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" ላጲሶ ጭንቅላቱን ይዞ፣ "ጌታ ይገሥጸን" እያለ ይስቃል።

መምህር ስብሓት ከግድግዳው ተላቀው ወደ መሃል መጡ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። "ንብ እኮ ቀፎዋ ውስጥ አትጸዳዳም" አሉ። "ክረምቱን በዝናብ ታፍና ትከርምና ፀሐይ ስታገኝ እየበረረች ነው የምትጥለው። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ብርድ ነበር፣ አልወጣችም። ቢጫ የሆነው አደይ አበባ ስለቀሰመች ነው። አባቴ ቤት አጥሩ ሁሉ በመስከረም እንዲህ ነበር።" አስተማሪነታቸው ተመልሶባቸው በጣታቸው ወደ ጣሪያው ያሳያሉ።

ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ጋሽ መንግሥቱ እጅጌያቸውን ጠርገው ጨረሱ። "ጥሩ" አሉ። "ንብ ነው። ይህን ያህል የሚያውቁት ከሆነ... ንቡን ማን አመጣው?"

አንገቶች አንድ በአንድ ሲዞሩ አየሁ። ወደ መምህር ስብሓት። የዓዲግራት ሰው፣ የማር አገር ሰው። ሻንጣቸውን በበራቸው ሥር ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ "ሻንጣ ያዘጋጀው ለዚህ ነው" አለ አንዱ። ሽማግሌው ጣታቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። "ልጆቼ፣ እኔ ስኳር በሽተኛ ነኝ" አሉ፤ "ማር... ማር አልቀምስም።" ከእኛ ላይ የተነሳው ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ አረፈ። ሰውነቴ ቀለለኝ። የነኢማን እጅ ስቤ፣ "ነይ፣ እንሂድ" አልኳት።

አልመጣችም። እጇን ከእጄ አላቀቀች።

"እኔ ነኝ!" አለች።

"ነኢማ!" አልኳት ቀሚሷን ይዤ።

"ተወኝ! እኔ ነኝ ያመጣኋቸው! ከወራቤ በሚኒባስ ጭኜ! ለእያንዳንዱ ንብ ወንበር ይዤለት! ንግሥቲቱን ጋቢና አስቀምጬ፣ ቀበቶ አስሬላት! ከዚያ ጣሪያ ላይ አውጥቼ፣ 'እናንተዬ፣ ይሄ የጎንደሬ በር ነው፣ ይሄ የሐዲያ ነው፣ ይሄ የትግሬ ነው፣ እንዳትሳሳቱ' ብዬ አስተማርኳቸው! ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፤ የጋሽ መንግሥቱን ሸሚዝ እንኳ ለዩት!" እንባዋ እየወረደ ነው የምትናገረው።

መጀመሪያ የፈነዳችው ሊድያ ናት። ከዚያ ላጲሶ። ከዚያ ሁሉም። ጋሽ መንግሥቱ ሳይወዱ ከንፈራቸው ተሸነፈ። "በሉ፣ በሉ፣ ንብ የሚያነሳ ባለሙያ እንፈልጋለን" አሉና ስብሰባው ተበተነ። መምህር ስብሓት በአጠገባችን ሲያልፉ የነኢማን ትከሻ ነክተው ሄዱ።

ቤት ገባን። አብዱራሕማን መጣ፣ በላ። የዳንን መሰለኝ። ቀልድ እንኳ ጀምሬ ነበር፤ "ንግሥቲቱን ቀበቶ" እያልኩ አሳቅኋት። ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሦስታችንም ባለንበት ደረቅን፤ በዚያ ፎቅ ላይ እኛ ቤት የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፤ እየተጣራ ነው የሚገባው። ልጁን ወደ ጓዳ ገፋሁትና ከፈትኩ።

ፀሐይነሽ ናት። ደፉን አላለፈችም።

"ሰይድ፣ ነኢምዬን ላናግራት" አለች። ነኢማ መጣች። ፀሐይነሽ ግራ ቀኝ ኮሪደሩን አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ እህትሽ ነኝ፤ ከእኔ አይወጣም። በሳቅ አሳለፍሽው እንጂ... ንቦቹን እውነት አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው?"

ነኢማ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። "አይደለሁም" አለች ቀስ ብላ።

"እሺ" አለች ፀሐይነሽ። "እሺ እህቴ፣ ደህና እደሪ።" ሄደች። የቤቷ ቁልፍ ሲዞር ሰማን፤ ከዚያ የላይኛው መወርወሪያ።

ነኢማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ሰይድ፣ ሌላ ቤት ፈልግ" አለችኝ።

"ሌላ የት? የት እንሄዳለን ነኢማ?"

"እንጃ" አለች። "የማያውቁን ሰዎች ዘንድ። እነዚህ እኮ ያውቁን ነበር።"